የማቶኒካ የክርስትና ልጅ

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ኩባ የምትባል ደሴት አለች፤ በሸንኮራ አገዳ የከበረች፣ በሸንኮራ አገዳም ያለቀሰች። በዚያች ደሴት ሳጓ ላ ግራንዴ በምትባል ከተማ በ1902 አንድ ልጅ ተወለደ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ።) ለቤቱ ስምንተኛ ነው። አባቱ ኤንሪኬ ላም ያም ከቻይና፣ ከካንቶን አካባቢ የመጣ ሰው ሲሆን ይህ ልጅ ሲወለድ ዕድሜው ሰማንያን ተሻግሮ ነበር። አዎ፣ ሰማንያን! እናቱ አና ሴራፊና ደግሞ የአፍሪካና የስፔን ደም የተቀላቀለባት ናት። ልጁን ዊፍሬዶ ላም አሉት።

የክርስትና እናቱ ማቶኒካ ዊልሰን ትባላለች። ፈዋሽ ናት፤ ኦሪሻ ከሚባሉት መናፍስት ጋር የምትነጋገር፣ በሳንቴሪያ እምነት የተከበረች ሴት። በዚህ እምነት፣ በባርነት ከምዕራብ አፍሪካ የተጋዙት ዮሩባዎች አማልክታቸውን በካቶሊክ ቅዱሳን ስም ሸሽገው አቆይተዋል፤ ጌቶቻቸው ባሪያው ለቅድስት ባርባራ ሻማ የሚያበራ ሲመስላቸው፣ እሱ የሚማጠነው የመብረቁን ጌታ ሻንጎን ነበር። ማቶኒካ ልጁ የእሷን መንገድ እንዲይዝ ተመኘች። እሱ ግን እምቢ አለ። እጁ የወደደው እርሳስ ነው።

ቤተሰቡ ሕግ ይማር ብሎ ሃቫና ሰደደው፤ እሱ ሄዶ ሥዕል ትምህርት ቤት ገባ። በ1923 ባሕር ተሻግሮ ማድሪድ ወረደ፤ ሳልቫዶር ዳሊን ካስተማረው ከሶቶማዮር ዘንድ ተማረ፣ በፕራዶ ሙዚየም የቦሽንና የጎያን ሥዕሎች ሲመረምር ዋለ። በ1929 ኤቫ የምትባል ሴት አገባ፤ ወንድ ልጅም ወለዱ። በ1931 ሳንባ ነቀርሳ ሚስቱንም ልጁንም ወሰደበት። ይህን አላራዝመውም፤ ምን ይባላል?

በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። ላም ከሪፐብሊኩ ጎን ቆሞ በአንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሲሠራ ኬሚካሉ መረዘውና እንዲያገግም ካልዳስ ደ ሞንቡይ ወደምትባል የፍል ውሃ ከተማ ተላከ። እዚያ ከማኖሎ ሁጌ ጋር ተዋወቀ። ማኖሎ ቀራፂ ነው፣ የሠዓሊው የፒካሶም የድሮ ወዳጅ፤ ላምን ለፒካሶ የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ ጻፈለት። መርዙ ባይነካው ደብዳቤውን ከየት ያገኝ ነበር? በ1938 ላም ያንን ወረቀት ይዞ ፓሪስ ገባ።

ፒካሶ እንደ ዘመድ ተቀበለው፤ የአፍሪካ ጭምብሎቹን አሳየው፣ ከወዳጆቹ ጋር አገናኘው። በዚህ የተነሳ ላምን የፒካሶ ደቀ መዝሙር አድርገው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ለእኔ አይዋጥልኝም። ፒካሶ ጭምብሉን ያገኘው ሙዚየም ውስጥና ከዕቃ ሻጮች ዘንድ ነው፤ ላም ግን መናፍስቱን ገና ሕፃን ሳለ በክርስትና እናቱ ቤት ተዋውቋቸዋል።

በ1940 ጀርመኖች ፓሪስ ሲገቡ ወደ ማርሴይ ሸሸ። በመጋቢት 1941 አንዲት አሮጌ መርከብ ስደተኞችን ጭና ወደ ማርቲኒክ ተነሳች፤ ላም፣ ገጣሚው አንድሬ ብሬቶን፣ ደራሲዋ አና ሴገርስ፣ ኋላ በአንትሮፖሎጂ ስሙ የገነነው ክሎድ ሌቪ ስትሮስ፣ ሁሉም እዚያች መርከብ ላይ ታጭቀዋል። ማርቲኒክ ሲደርሱ ካምፕ ውስጥ አጎሯቸው። ላም ግን እዚያ ገጣሚውን ኤሜ ሴዜርን አገኘ፤ ወዳጅነታቸው ዕድሜ ልክ ዘለቀ።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ሃቫና ገባ። ያየው ነገር አንገበገበው፤ ከተማዋ ለቱሪስት ትጨፍራለች፣ ጥቁሩ ሕዝብ በድህነቱ ላይ ነው። ከሊዲያ ካብሬራ ጋር እየሆነ የሳንቴሪያ ሥርዓቶችን ዳግም ያይ ጀመር። ካብሬራ የጥቁር ኩባውያንን ተረትና እምነት ስትሰበስብ የኖረች ጸሐፊ ናት። በ1942 መጨረሻም «ጫካው» የተባለውን ሥዕል ጀመረ።

እስቲ ወደ ሥዕሉ ቅረቡ። ቁመቱም ወርዱም ሁለት ሜትር ከሃያ ሳንቲሜትርን ያልፋል። የሠራው በወረቀት ላይ ነው፤ ሸራው ከጀርባ የተለጠፈ ነው። ቀለሙ ስስ ነው፣ ከሥሩ ወረቀቱ ብቅ ይላል። ሸንኮራ አገዳው ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ በመካከሉ አራት ፍጥረታት አሉ። ፊታቸው ጭምብል፣ ጡታቸው እንደ ፓፓያ የተንጠለጠለ፣ እግራቸው ግዙፍ፤ ቅልጥማቸው የቱ ጋ አብቅቶ አገዳው የቱ ጋ እንደሚጀምር ዓይን ይቸግረዋል። በስተቀኝ ያለችው መቀስ ይዛለች። መቀሱን ለምን እንደያዘች ሊቃውንቱ ብዙ ይላሉ፤ እኔን ግን ያስፈራኛል።

ጫካ ይበለው እንጂ ሸንኮራ አገዳ ሰው የሚተክለው ነው። ባርነት በ1886 እስኪቀር ድረስ የተከሉትና የቆረጡት የእናቱ ወገኖች ናቸው። ከ1847 ጀምሮ ደግሞ የአባቱ አገር ሰዎች፣ ቻይናውያን፣ በኮንትራት ስም እየመጡ እዚያው እርሻ ላይ ተጥለዋል። በሥዕሉ ውስጥ ጌታም አለቃም የለም፤ እርሻውን የያዙት መናፍስቱ ናቸው።

የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1945 ገዛው። ገዝቶስ የት ሰቀለው? ለዓመታት መተላለፊያው ላይ፣ እንግዳ ካፖርቱን አውልቆ ከሚያስቀምጥበት ክፍል አጠገብ! ገጣሚና ሐያሲው ጆን ያው በ1988 ይህንኑ አንስቶ ሙዚየሙን በጽሑፍ ሞገተ። ይኸው ሙዚየም በኅዳር 2025 የላምን የሕይወት ዘመን ሥራ የሚያሳይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፈተ። ዘገየ፣ ግን ከፈተ።

ላም በ1952 ተመልሶ ፓሪስ ከተመ፤ ኢጣሊያ ውስጥ አልቢሶላ እየሄደም ሸክላ ሠራ። በ1978 ስትሮክ መታው፤ መሥራቱን ግን አልተወም። በመስከረም 1982 ፓሪስ ውስጥ አረፈ፤ አመዱ ሃቫና ገባ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአምሳዎቹ መጨረሻ እስክንድር ቦጎሲያን የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት ፓሪስ ነበር። ልቡን ካነቃነቁት ሠዓሊዎች አንዱ ይኸው ላም ነው። የእስክንድርን ሸራ የሞሉት ወፎችና መናፍስት፣ ከክታብ ጥቅልል የወጡት ዓይኖች፣ ከላም የተቀዱ አይደሉም፤ ሆኖም የአያቶቹን ክታብ ይዞ ወደ ዘመናዊ ሥዕል መግባት እንደሚቻል ላም ቀድሞ አሳይቶታል ባይ ነኝ። እስክንድር በ1966 አገሩ ገብቶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ማስተማር ጀመረ። የሱ ታሪክ ረዘም ስለሚል ሌላ ቀን አጫውታችኋለሁ።