የልጆች የአእምሮ ጭንቀት በምን ይታወቃል? ወላጅና መምህርስ ምን ያድርጉ?

ልጅ ሲጨነቅ «ተጨንቄያለሁ» አይልም። ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ትቶት የነበረውን መኝታ ላይ መሽናት ይጀምራል፤ ከብት ሊጠብቅ ወጥቶ ጥጃው እናቱን ጠብቶ ሲጨርስ ልብ አይልም፤ ደረጃ ይይዝ የነበረው ተማሪ ድንገት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ይገኛል። በገጠርም ሆነ በከተማ ይህ ሁሉ ስንፍና ወይም ብልግና እየተባለ በአርጩሜ ሲመለስ ይታያል። ዱላው ምልክቱን ይደብቅ እንደሆነ እንጂ ጭንቀቱን አያነሣም።

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመላክተው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ታዳጊዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከአእምሮ ሕመሞችም ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከ18 ዓመት በፊት ነው። ግጭት፣ መፈናቀልና የትምህርት መቋረጥ ሲጨመሩበት ሸክሙ ይከብዳል። ይህ ማለት ግን ክፉ ቀን ያየ ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ የሚያምኑት ሰውና የተረጋጋ ኑሮ ሲያገኙ እየተሻላቸው ይሄዳል።

ምልክቱ እንደ ዕድሜው ይለያያል። ትንንሾቹ ከእናታቸው ቀሚስ አልላቀቅ ይላሉ፤ ሌሊት እየጮሁ ይነቃሉ፤ ያዩትን አስፈሪ ነገር በጨዋታ ይደጋግሙታል። ወጣቶቹ ከሰው ይርቃሉ፤ በትንሽ ነገር ይቆጣሉ፤ ወደ ጫትና መጠጥ ያዘነብላሉ። በሴት ልጆች ላይ ደግሞ የጋብቻ ወሬ በቤት ውስጥ ሲሰማ የሚመጣ ዝምታ አለ፤ እሱን ጨዋነት ነው ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የሞት ነገር ነው። መርዶ ለአዋቂ የሚነገርበት ሥርዓት አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሽማግሌ አንደበት ይነገራል። ለልጅ ግን ሥርዓት አልተበጀለትም። ለቅሶው እስኪያልፍ ጎረቤት ቤት ይላክና «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል» ይባላል። ይህ የሚደረገው በርኅራኄ ነው። ይሁንና ልጁ የእናቱን ጥቁር ልብስ ያያል፤ እሱ ሲገባ ወሬው ሲቋረጥ ይሰማል። ሩቅ አገር የሄደ ሰው ይመለሳልና ይጠብቃል። ሳይመለስ ሲቀር «ያስቀየምኩት እኔ እሆን?» እያለ ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊጭን ይችላል።

በዘርፉ የሠለጠኑ ባለሙያዎች የሚመክሩት እውነቱን በአጭርና በግልጽ ቃል መንገርን ነው። ልጁ የሚያምነው ሰው አቅፎ ይዞ «አባትህ ሞቷል፤ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም፤ ከእኔ ጋር ትኖራለህ» ይበለው። «ተኝቷል» ማለት አይበጅም፤ ልጁ መተኛትን እንዲፈራ ሊያደርገው ይችላል። ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢጠይቅ አሥር ጊዜ ይመለስለት። ሲያለቅስ ቆይቶ ወዲያው ወደ ጨዋታ ቢሮጥም ረሳ ማለት አይደለም፤ ልጅ የሚያዝነው እየተወም እየተመለሰም ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ወደ ልማዱ ይመለስ፤ ምግብ በሰዓቱ፣ መኝታ በሰዓቱ፣ ለዕድሜው የሚመጥን ሥራም እንደ ቀድሞው። ትምህርት ቤትም ከዚሁ ልማድ አንዱ ነውና ለአጨዳና ለውቂያ ተብሎ ከትምህርት የሚቀር ልጅ የሚያጣው ፊደል ብቻ አይደለም።

መምህር ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅበትም። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃላት ያስቀምጠዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ስም ጠሪው መምህር የተለወጠውን ተማሪ ልብ ይላል፤ በክፍል ፊት ሳይሆን ለብቻው «ሰሞኑን እንዴት ነህ?» ይለዋል፤ ያየውን ሁሉ እንዲናገር ግን አያስገድደውም። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ከወላጅና ከጤና ባለሙያ ጋር ያገናኘዋል። መምህሩ ራሱ ያው መከራ የደረሰበት ሊሆን ይችላል፤ ርእሰ መምህራን ይህን ሊዘነጉት አይገባም።

ለውጡ ከሳምንታት በላይ ከቆየ ወይም ልጁ መብላት፣ መተኛትና መማር ካቃተው ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። መነሻው የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምናን ከአጠቃላይ ሕክምና ጋር የማቀናጀት ሥራ ጀምራለች። ከበድ ያለው ሕመም እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወትና ደሴ ወዳሉ ሆስፒታሎች ይላካል። ሕክምና ሁሉ ክኒን አይደለም፤ ለብዙ ልጆች ምክርና የቤተሰብ ድጋፍ ይቀድማል። ጸበል የሚወስዱ ወላጆችም መድኃኒት የታዘዘለትን ልጅ መድኃኒቱን ማስቆም የለባቸውም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

«ባልኖር ይሻላል» የሚል ወጣት ካለ ቀን አይሰጠውም። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አያሳድርበትም፤ እንዲያውም የሚናገርበት በር ይከፍትለታል። ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ገበሬዎች እዚህ ላይ አንድ የራሳቸው ሥራ አለባቸው። ፀረ-ተባይና የነቀዝ መድኃኒት በየጓዳውና በየጎተራው ሥር ተጥሎ ይገኛል፤ ክፉ ሐሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአጭር ሰዓት ጠንክሮ የሚያልፍ በመሆኑ በዚያች ሰዓት ኬሚካሉ ከእጅ መራቁ ሕይወት ያተርፋል። ለወቅቱ ከሚያስፈልገው በላይ አይገዛ፤ የተረፈው በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ቁልፉም በአዋቂ እጅ ይሁን።