ስለ ኦሞና ስለ ቢላቴ ወንዞች መሻገሪያ

የወላይታ አገር በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠ ነው። በምሥራቅ ቢላቴ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ በምዕራብም ኦሞ ጥልቁን ሸለቆ ሰንጥቆ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። ምእመናን ሆይ፥ በሁለቱ መካከል የኖረው ሕዝብ ታሪክ ያለ መሻገሪያዎቹ ታሪክ አይነገርም።

ወንዝ አገርን ከአገር ይለያል ይባላል፤ ኦሞ ግን የለየው ዘመድን ከዘመድ ነው። የወላይታና የዳውሮ ቋንቋ የተቀራረበ ስለ ሆነ፥ ከወዲህ የተነገረውን ነገር ከወዲያ ያለው አብዛኛውን ይሰማዋል። ዳሩ ግን የቈላው ሙቀትና ወባው፥ የክረምቱም ሙላት ሰውን ከሰው አራርቆ ኖረ። ጥርጣሬም ነበረ። በዳውሮ በኩል በንጉሥ ሐላላ ስም የሚጠራው ታላቅ የድንጋይ ካብ በኦሞና በጎጀብ አቅጣጫ ተዘርግቶ ይገኛል፤ በወላይታም በካዎ አማዶ ስም የሚጠራ ካብ አለ። ለካብ የበቃው ድንጋይ ለድልድይም በበቃ ነበር፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ሰው ከመገናኘት ይልቅ መጠበቅን መረጠ፤ እኛም አንፈርድበትም።

በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ዘምተው ካዎ ጦና ተማረኩ። በዚያ ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ማለቁን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ከዚያ ወዲያ ኦሞ የነገሥታት ድንበር መሆኑ ቀረ፤ ሸለቆው ግን እንደ ቀድሞው አስቸጋሪ ነበረ። በ1888 ዓ.ም. ቦቴጎ የሚባል ኢጣሊያዊ ወንዙን ተከትሎ ወርዶ፥ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ።

የቢላቴም ነገር በጠላት ወረራ ዘመን ታወቀ። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡት የእንግሊዝ ንጉሥ ወታደሮች በቁሊቶ አጠገብ ቢላቴን ተሻግረው ጥቂት መሬት እንደ ያዙ፥ የኢጣሊያ ታንኮች ከበው መጡባቸው። ያን ጊዜ ኒጄል ሊኪ የሚባል ሃምሳ አለቃ በታንክ ላይ ዘሎ ወጣና ክዳኑን ከፍቶ ማረከው። ቀጥሎም ከአንድ አፍሪካዊ የጦር አለቃና ከሌሎች ሁለት ጋር በእግሩ ሮጦ በሌላ ታንክ ላይ ሲወጣ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ስለዚህም ከሞቱ በኋላ የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጠው። የሊኪ ስም በብዙ መጻሕፍት ሲነሣ የሦስቱ ጓደኞቹ ስም እምብዛም አለመነሣቱ ያሳዝናል። በሦስተኛው ቀን ሶዶ ከጠላት እጅ ወጣች። ሠራዊቱም ወደ ጅማ ለመሄድ ኦሞን ሊሻገር በወረደ ጊዜ የወንዙ ሙላት ከጠላት ጋር ሆኖ ጠበቀው፤ ጅማ የተያዘችውም ሰኔ 14 ቀን ነው።

በኋላ ዘመን ከሶዶ ወደ ጭዳ የሚወስደው መንገድ በኦሞ ላይ ድልድይ አገኘ። ያም ድልድይ ዕድሜው አልረዘመም። በ1998 ዓ.ም. በወላይታና በዳውሮ መካከል የተጀመረው የጊቤ ሦስተኛ ግድብ ቁመቱ 243 ሜትር፥ ኃይሉም 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ የተመረቀውም በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ነው። ውሃው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተኝቶ ሸለቆውን ሐይቅ ሲያደርገው ድልድዩም ከሥር ቀረ። በታች በኩል ደግሞ ከሙላቱ በኋላ በሚቀረው ደለል ላይ ይዘሩ የነበሩት የታችኛው ኦሞ ሰዎች የለመዱትን ሙላት አጡ። ለመንገዱ ግን ሌላ አቅጣጫ ተቀይሶለት ሌላ ድልድይ ተሠራ፤ ከዳውሮ ወደ ሶዶ የሚመጣ መንገደኛም ዛሬ በዚያ ይሻገራል።