ጎጆ ወዴት ይቀለስ? የጃማይካ ሰፈሮች ታሪክ

ወደማያውቀው አገር የሚሻገር ሰው አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «የት ልኑር?» የሚለው ነው። መልሱን የሚወስነው ግን የአገሩ መልክዐ ምድር ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው ምን ፈልጎ እንደመጣና ምን እንደሚፈራም ጭምር ነው። የጃማይካን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ይህ ሐሳብ ይመላለስብኛል። ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ ስፋቷ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሆኖም ወደውም ሆነ ተገደው የመጡባት ሰዎች ለመኖሪያ የመረጧቸው ሥፍራዎች እጅግ የተለያዩ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታይኖ በሚባሉት ነባር ሕዝቦች ምድር ላይ ከአውሮፓውያን ቀድመው የሰፈሩት እስፓኞች ነበሩ። በ1509 በሰሜኑ ጠረፍ ሴቪያ ላ ኑዌቫ የተባለች ከተማ ቆረቆሩ። ሥፍራው ረግረግ ነበረና ጤና ነሳቸው። በ1534 ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ደቡቡ ሜዳ ተሻገሩና ዛሬ ስፓኒሽ ታውን የምትባለውን ከተማ መሠረቱ።

እንግሊዞች ደሴቲቱን በ1655 ሲነጥቁ ግን ዓይናቸውን የጣሉት በባሕሩ ላይ ነው። በወሽመጡ አፍ፣ ፓሊሴዶስ በሚባለው ረጅም የአሸዋ ምላስ ጫፍ ላይ፣ ፖርት ሮያልን ገነቡ። የባሕር ወንበዴው የዘረፈውን የሚያራግፍባት፣ ነጋዴው በአንድ ሌሊት የሚከብርባት ከተማ ነበረች። የመጠጥ ውሃ እንኳ ከማዶ በጀልባ ይመጣላት ነበር። ይህ ሁሉ ሳያግዳቸው በአሸዋው ላይ የጡብ ፎቅ ደረደሩ። ሰኔ 7 ቀን 1692 እኩለ ቀን ገደማ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ውሃ ያዘለው አሸዋ እንደ ቀጭን ገንፎ ሟሟ፤ ከከተማይቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ባሕር ገባ። 2 ሺህ ያህል ሰው በዚያው ቀን አለቀ፤ ብዙ ሰው ደግሞ በተከተለው በሽታ ሞተ። ሰባኪዎች የኃጢአት ቅጣት ነው አሉ። እኔ ግን ጥፋቱ የአሸዋው ይመስለኛል፤ ወይም አሸዋውን እያዩ ትርፉን ብቻ ያሰሉት ሰዎች ጥፋት ነው።

የተረፉት ወደ ማዶ ተሻግረው ኪንግስተንን ቆረቆሩ። ከተማይቱ አደገች፤ በ1872ም መናገሻነቱን ከስፓኒሽ ታውን ወሰደች። በ1907 እሷንም የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት አወደማት፤ ነዋሪዎቿ ግን ወደቡን ትተው አልሄዱም።

ከባርነት ያመለጡት ማሩኖች ምርጫቸው የዚህ ተቃራኒ ነበር። እነሱ የሚፈልጉት ገበያ ሳይሆን መደበቂያ ነው። በምዕራብ ኮክፒት ካንትሪ የሚባለው የኖራ ድንጋይ አገር፣ በጉብታና በጎድጓዳ የተሞላ፣ ወታደር በአንድ ረድፍ ካልሆነ የማያልፍባቸው ጠባብ በሮች ያሉት ነው። በዚያ መሽገው እንግሊዞችን ለረጅም ዘመን ከተዋጉ በኋላ በ1739 መሪያቸው ኩጆ ውል ተዋዋለ፤ ነጻነታቸውና 1,500 ኤከር መሬታቸው ታወቀላቸው። በምላሹ ግን ወደፊት ከባርነት የሚያመልጠውን ሰው ይዘው ሊያስረክቡ ተስማሙ። አምባው ለራሳቸው መሸሸጊያ ሆነ፤ ከነሱ በኋላ ለመጣው ግን ተዘጋ። በ1796 ደግሞ የትሬላውኒ ታውን ማሩኖች ከአዲስ ጦርነት በኋላ ወደ ካናዳ ተጋዙ። አኮምፖንግ የተባለው መንደር ግን ዛሬም አለ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሦስተኛዎቹ ሰፋሪዎች ምርጫ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1838 በደሴቲቱ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሙሉ ነጻነታቸውን አገኙ። ነገር ግን የሚኖሩበት ጎጆ፣ ያም የሚተክሉበት ማሳ፣ ዘመዶቻቸው የተቀበሩበት አፈር ሁሉ የቀድሞው ጌታ ርስት ነበር። ጌቶቹ ይህን ስላወቁ የቤት ኪራይ ጫኑባቸው፤ በርካሽ ጉልበቱን ያልሸጠ ሰው ከነቤተሰቡ ይባረር ነበር። ሰንሰለቱ ተፈታ፤ «ውጣ ከቤቴ» የሚለው ቃል ግን በቦታው ተተካ።

ይህ እንደሚመጣ ጄምስ ፊሊፖ የተባለው የባፕቲስት ሚሲዮናዊ አስቀድሞ ገምቶ ነበር። በ1835 ከስፓኒሽ ታውን በላይ ባለው ኮረብታ ላይ መሬት ገዛ፤ መሬቱም እየተሸነሸነ ነጻ ለወጡት ተሸጠ። ስላይጎቪል የተባለችው ይህች መንደር የመጀመሪያዋ ነጻ መንደር ሆነች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ለባሪያ ልጅ መሬት አንሸጥም የሚሉ ባለርስቶች ስለነበሩ ሚሲዮናውያኑ በራሳቸው ስም እየገዙ ያከፋፍሉ ነበር። መሬቱ በአብዛኛው ለሸንኮራ የማይመች ዳገት ነው፤ የባሪያ ፈንጋዩ ሀብት ያልፈለገው ነው። ገበሬው ግን ያሙን ተከለበት። ከገበያው አልራቀም፤ ሲፈልግ ወርዶ በደመወዝ ይሠራል፤ ክፍያው ካልጣመው እቤቱ ይቀራል። እምቢ የማለት መብት በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ቆመ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1940፣ ሊዮናርድ ሃወል የተባለው የራስ ተፈሪያን መሪ ተከታዮቹን ያሰፈረው ከዚችው ስላይጎቪል አጠገብ በሚገኘው ፒናክል ኮረብታ ላይ ነበር። መንደሩን ፖሊስ ደጋግሞ ወረረው፤ በ1954ም አፈረሰው። ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ ሲገቡ አውሮፕላናቸው ያረፈው ፖርት ሮያል በሰመጠችበት በዚያው በፓሊሴዶስ አሸዋ ላይ ነው፤ እልፍ አእላፍ ራስ ተፈሪያኖችም እዚያ ጠበቋቸው።

ከነሱ አንዳንዶቹ ጥያቄውን ገልብጠው ወደኛ አገር መጡ፤ ንጉሡ ለኢትዮጵያ ለቆሙ የጥቁር ዘር ወገኖች በሰጡት የሻሸመኔ መሬት ላይ ሰፈሩ። በ1975 የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን ከይዞታቸው አብዛኛው ሄደ። የስላይጎቪል ገበሬ ቢሰማ ነገሩ ግር የሚለው አይመስለኝም። መሬቱ ለም ነው ወይስ ዳገት ከማለቱ በፊት «ከዚህ ተነስ ሊለኝ የሚችለው ማነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበርና።