አንዱ ወረቀትና የሥራ ሰዓት፦ ድራፍቲንግ በኤመሪቪል ዙሪያ

ኤመሪቪል በኦክላንድና በበርክሌይ መካከል፣ በባሕረ ሰላጤው ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በከተማነት የተቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚያሻግረው ቤይ ብሪጅ ከአጠገቧ ይነሳል፤ ታላላቅ አውራ ጎዳናዎችም ከደጇ ተጠላልፈው ያልፋሉ። ይህ ሁሉ ኮንክሪትና ብረት ከመሆኑ በፊት በድራፍትማን፣ ማለትም በንድፍ ሣይ፣ እጅ የተሠመረ መሥመር ነበር።

የድልድዩ ግንባታ በ1933 ተጀምሮ በኖቬምበር 1936 ለትራፊክ ተከፈተ። ዋናው መሐንዲስ ቻርልስ ፐርሴል ነበር። በዚያ ዘመን መሐንዲሱ ያሰላል፣ ድራፍትማኑ በቲ-ስኩዌር፣ በሦስት ማዕዘንና በቀለም ብዕር ይሥላል። ቅጂ የሚወጣው በብሉፕሪንት ነበር፤ ጆን ኸርሸል በ1842 ያገኘው፣ የብረት ጨው የተቀባ ወረቀት ለብርሃን ተጋልጦ በውኃ ሲታጠብ ነጭ መሥመር በሰማያዊ ላይ የሚያወጣ ዘዴ ነው። ቅጂው የፈለገውን ያህል ይብዛ እንጂ ዋናው ወረቀት አንድ ብቻ ነው። ስህተት ሲገኝ ቀለሙ ተፍቆ የሚታረመው በዚያው ወረቀት ላይ ነው፤ አንዱ ሲሥልበት ሌላው ይጠብቃል። ሣዩም፣ አራሚውም፣ ቅጂ አውጪውም በአንድ ሰዓት ገብተው በአንድ ሰዓት የሚወጡበትን ምክንያት በአለቃ ጥብቅነት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሰዓቱን ያሰረው ወረቀቱ ነበር።

በ1954 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎችም የተማሩት በዚሁ መሣሪያ ነው። የባሕረ ሰላጤው አካባቢ የባቡር መሥመር ባርት በ1972 ሥራ ሲጀምር፣ በ57 ክፍሎች ተገጣጥሞ ከባሕሩ ሥር የተዘረጋው ዋሻውም በ1974 ለአገልግሎት ሲከፈት፣ ኮምፒውተር ገና ወደ አብዛኛው የንድፍ ጠረጴዛ አልደረሰም ነበር።

ለውጡ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በፓሎ አልቶ የነበረው ኩባንያ ሂውሌት-ፓካርድ በ1967 በጀርመን ፋብሪካው ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት ጀምሮ፣ በ1970ዎቹ ወደ አሜሪካ አመጣው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሁሉም ሰው የሚገኝበት የጋራ ሰዓት ይወሰናል፤ መግቢያና መውጫውን ሠራተኛው ይመርጣል። በ1982 ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በሚል ቫሊ፣ ጆን ዎከርና ጓደኞቹ አውቶዴስክ የተባለውን ኩባንያ መሥርተው አውቶካድ የተባለውን የንድፍ መሣያ ፕሮግራም በዚያው ዓመት ለገበያ አቀረቡ። ፕሮግራሙ በተራ የግል ኮምፒውተር ላይ መሥራቱ ለትንንሽ የንድፍ ቢሮዎች በር ከፈተ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነጥብ አለ። ሥዕሉ ፋይል ስለሆነ ብቻ ሰዓቱ አልተፈታም፤ ፋይሉም በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ነበርና። የተፈታው በ1990 የወጣው የአውቶካድ 11ኛ እትም አንዱን ሥዕል ከሌላው ጋር በማጣቀሻ ማያያዝ ሲያስችል ነው። የመንገዱ መሐል መሥመር በአንድ ፋይል፣ የፍሳሽ መውረጃው በሌላ፣ የድልድዩ ምሰሶ በሦስተኛ ሊቀመጥ ቻለ። ጠዋት የገባው ያስተካከለውን ከሰዓት የገባው ፋይሉን ሲከፍት ያገኘዋል። ያ አንድ ወረቀት በመጨረሻ ተከፋፈለ።

ሕጉም የራሱን ድርሻ ይዞ መጣ። ካሊፎርኒያ በ1999 ባወጣችው ሕግ፣ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ሲሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባዋል። ከዚያ የረዘመ መደበኛ የሥራ ቀን ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ለማስገባት ከክፍሉ ሠራተኞች ሁለት ሦስተኛው በምሥጢር ድምፅ መስማማት አለባቸው። በንድፍ ቢሮዎች የተለመደው የ80 ሰዓትን ሥራ በ9 ቀን ጨርሶ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓርብ ማረፍ የሚቆመው በዚህ ዓይነት ስምምነት ላይ ነው። ድምፁ የሠራተኛው መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ተለዋዋጭ ሰዓት በአሠሪው ፈቃድ ብቻ ሲሆን ወደ ረጅም ቀን ለመለወጥ ቅርብ ነውና።

ጥድፊያ ግን ከሙያው አልወጣም። ኤፕሪል 29 ቀን 2007 ከኤመሪቪል ጫፍ ባለው የመንገዶች መጋጠሚያ ላይ የቤንዚን ቦቴ ተቃጥሎ አንድ ተሻጋሪ መንገድ ወደቀ። የጥገናው ንድፍ በጥድፊያ ተዘጋጅቶ ጨረታው በሜይ 7 ተከፈተ፤ መንገዱም ከወሩ ማብቂያ በፊት ሥራ ጀመረ። በማርች 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ኤመሪቪል ያለችበት የአላሜዳ ካውንቲ ነዋሪዎች ከቤት እንዳይወጡ ሲታዘዙ ደግሞ ብዙ ድራፍተሮች ፋይሎቹን ከቤታቸው ሆነው መክፈት ጀመሩ።