ኅዳር ሲታጠን ቀረ፤ የእጅ መታጠቢያው ባልዲ ግን የት ገባ?

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ በሌላው ዓለም «የስፓኝ ጉንፋን» ይባላል። በእኛ አገር ስሙ «የኅዳር በሽታ» ነው። በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ነው የተረፉት።

ያኔ ሰውን ከሰው የለየው አዋጅ ሳይሆን በሽታው ራሱ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ ሲተኛ ውሃ የሚያቀብል ታጣ። ቀባሪ ጠፍቶ አስከሬን የጅብ ሲሳይ ሆነ። ለቅሶ በሚያውቅ ሕዝብ መካከል ሟች ሳይለቀስለት ቀረ።

ከዚያ መከራ የተረፈ አንድ የጤና ልማድ አለ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል፣ ሰፈሩ ሁሉ ግቢውንና ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን።

አሁን ወደ 2012 እንምጣ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ። ክልከላው ምክንያት ነበረው፤ በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋ አስከፍሏል። ሐዘንተኛ «እግዜር ያጽናችሁ» የሚባለው በስልክ ሆነ። ቡና ለብቻ ተጠጣ። የደም ግፊትና የስኳር ታማሚ ጤና ጣቢያ መሄድ ፈርቶ ቀጠሮውን አሳለፈ። ቤት የዋለ ሰው እንቅልፉ ተዛባ፣ እግሩ መራመድ ተወ። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ደረጃ በ25 በመቶ መጨመሩን አስታውቋል።

በየሱቁና በየባንኩ ደጅ የቆመው የእጅ መታጠቢያ ባልዲስ የት ገባ? ተቆጣጣሪው ሲላላ እሱም ተነሳ። የኅዳሩ ጽዳት ከመቶ ዓመት በላይ ሲዘልቅ የእጅ መታጠቡ ለምን ጥቂት ዓመት እንኳ አልቆየም?

አንዱ ልዩነት ይህ ነው፦ የኅዳሩን ሰፈር ያዘው፤ ጎረቤት ሲጠርግ አይቶ ዝም የሚል የለም። የ2012ቱን ግን እያንዳንዱ ለብቻው፣ በፍርሃትና በቅጣት ያዘው። ፍርሃቱ ሲያልፍ ልማዱም አለፈ። በእርግጥ ሰፈር የያዘው ሁሉ ደግ አይደለም፤ ዛሬ ኅዳር 12 ፕላስቲክም ይነዳል፣ ጭሱም ሳንባ ይጎዳል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ዝግጅት ሲታሰብ ከአልጋና ከኦክስጅን ጎን ዕድርም ይቆጠር። ብቻውን የተኛውን በስልክ የሚጠይቅ፣ መድኃኒትና ውሃ ደጁ ድረስ የሚያደርስ፣ ተራ የሚያወጣ ዕድር። ሁለት ሜትር መራቅ የሚቻለው ሰው፣ የሚጠይቀው እንዳለ ካወቀ ነው።