እንግዳ ሊቃውንትና የዓለማያ የማሽላ ማሳ

ማሽላ በድሬ ጠያራና በሐረር ዙሪያ ከሚለሙት ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው። ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የክፍል ትምህርቱን ከዚህ ሰብል ጋር ያገናኘው በመምህራኑና በእንግዳ ባለሙያዎች ጥረት ነው።

የኮሌጁ መነሻ በ1952 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ጋር የተደረገው ስምምነት ነው። የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬ የሚደርስ የኤክስቴንሽን ሥራን አንድ ላይ የሚያስኬድ ሥርዓት ይዘው መጡ። ትምህርቱ በጅማ ተጀምሮ በ1956 ወደ ዓለማያ ተዛወረ፤ ውላቸውም በ1968 አበቃ። የቆየው ትልቁ ውርሳቸው ሕንፃው ሳይሆን ተማሪን ወደ ማሳ የማውጣት ልማድ ነው።

የዚህ ልማድ ፍሬ በ1973 ጎልቶ ታየ። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው የማሽላ ተመራማሪ ጆን አክስቴል ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ፣ በዚያው ዓመት ከዓለማያ የተመረቁት ገቢሳ ኤጄታ በመምህራቸው በኩል ተዋወቋቸው። እንግዳውም የማሽላ ዝርያዎችን ከመላ አገሪቱ በማሰባሰቡ ሥራ እንዲያግዟቸው ጋበዟቸው። በአዳራሽ ከሚሰጥ አንድ ንግግር ይልቅ እንዲህ ያለው አብሮ መሥራት እጅግ ይበልጣል፤ ወጣቱ የዘር ማሻሻያ ሳይንስ የሚፈታውን ችግር በገበሬው ማሳ ላይ ያያልና።

ገቢሳ በፐርዱ ዶክትሬታቸውን በ1978 አገኙ። በኋላም የማሽላን ሥር እየመጠጠ ምርት የሚያጠፋውን አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከባልደረቦቻቸው ጋር አወጡ። ድርቅን በሚቋቋሙና በአቀንጭራ በማይጠቁ ዝርያዎች ላይ ለሠሩት ሥራ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።