ከባሕር ዛፍ ሸክም እስከ ጥቃቅንና አነስተኛ፦ የሥራ ዕድል ፈጠራ ታሪክ በየካና በእንጦጦ ግርጌ

በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራራ ግርጌ መንግሥት ለሥራ አጥነት የሰጠው መልስ ከጥንቱም ሁለት ገጽታ ነበረው፤ በአንድ በኩል ነዋሪው በራሱ ጥረት ያገኘውን መተዳደሪያ ይከለክላል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ራሱ ያመነጨውን ሥራ ለተደራጁ ሰዎች ያከፋፍላል። ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት የአካባቢውን ታሪክ ከፊሉን ብቻ ማየት ይሆናል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ሜዳ ወርደው አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ የተራራው አገር በቀል ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ በመመናመኑ፣ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር የሚል ሐሳብ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያጸናት በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ይኸው ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው ለሚሸጡ ድኾች ቋሚ መተዳደሪያ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆኖ ደኑ በመንግሥት እጅ ሲገባ ግን የለቀማው ሥራ እንደ ስርቆት ተቆጠረ። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጫካው የሚወጡት ሴቶች፣ ልጃገረዶችም ጭምር፣ ሸክማቸውን በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው ቁልቁለቱን ሲወርዱ በደን ጥበቃዎች ይያዙ፣ እንጨታቸውንና ገመዳቸውን ይነጠቁ ነበር። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያሳተመው የፍቅርተ ኃይሌ ጥናት እንደሚያሳየው አንዱ ሸክም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ይበልጣል። እነዚህ ሴቶች በስታቲስቲክስ ቋንቋ ሥራ አጥ አይባሉም፤ በቆጠራው ሳምንት ለጥቂት ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው እንደ ሠራተኛ ይመዘገባልና። ስለዚህም የሥራ አጡ ቁጥር ቢቀንስ የችግሩ መቀነስ ምልክት ነው ብሎ መደምደም በዚህ ተራራ ሥር አያስኬድም።

ሥራ አጥነት፣ በተለይም የወጣቱ፣ ራሱን የቻለ የፖሊሲ ጉዳይ የሆነው ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው። በ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ ብድርና ቁጠባ ተቋም ተመሠረተ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን 1996 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት፣ በወራት ልዩነት፣ አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ጸደቀ፣ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲም ወጣ። በየሰፈሩ ጥግ የቆመ ሥራ ፈት ወጣት ለአንደኛው ሰነድ ተጠርጣሪ፣ ለሁለተኛው የልማት ኃይል ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሁከት በኋላ በ1998 ዓ.ም. የወጣቶች ልማት ፓኬጅ የተነደፈውም ከዚሁ ድርብ አመለካከት ተለይቶ አይታይም፤ ሥራ መስጠት ጸጥታን የማስከበሪያ መንገድም ነበርና።

የአሠራሩ እምብርት መደራጀት ነው። ወጣቶች በወረዳው ሥራ አጥ ተብለው ከተመዘገቡ በኋላ ተሰባስበው ማኅበር ይመሠርታሉ፤ ብድሩን የሚወስዱትም አንዱ ለሌላው ዋስ ሆኖ ነው። ሼድ፣ ማለትም መንግሥት ሠርቶ በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጠው የመሥሪያ ቦታ፣ እንዲሁም የገበያ ትስስር፣ ማለትም ያለ ሰፊ ውድድር የሚገኝ የመንግሥት ሥራ፣ የሚገኙት በዚሁ በማኅበሩ ስም ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ወደ አያትና ወደ የካ አባዶ ሲዘልቅ ብሎኬት ማምረት፣ የበርና የመስኮት ብረታ ብረት ሥራ ለእነዚህ ማኅበራት ይሰጥ ነበር። ቀጥሎ ኮብልስቶን መጣ። በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ በክልል ከተሞች ተሞክሮ ወደ አዲስ አበባ የገባው ይህ ሥራ ድንጋይን በመዶሻና በመሮ እየጠረቡ እያንዳንዱ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዲሆን ማድረግን፣ ከዚያም በአሸዋ ላይ አጥብቆ መደርደርን ይጠይቃል። ጠራቢው በፍሬ፣ አንጣፊው በካሬ ሜትር ይከፈለዋል። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁም መዶሻ እንዲያነሡ በተደረገ ጊዜ ብዙ ቅሬታ ተሰማ፤ ለፌዝ መነሻም ሆነ። ፌዙ ግን ዋናውን ድክመት ይሸፍናል፤ የሥራው ክብር ሳይሆን የገዢው ብቸኛነት ነበር ችግሩ። ደንበኛው መንግሥት ብቻ በመሆኑ የመንገዱ በጀት ሲያልቅ ማኅበሩም ይበተን ነበር። በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው ስትራቴጂ ተቋማቱን ምሥረታ፣ ታዳጊና መብቃት በሚሉ ደረጃዎች ቢከፍልም፣ አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ማኅበር ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚሸጋገርበት መንገድ ጠባብ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ለሆኑ ወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። የቀደሙት ዓመታት የወጣቶች ተቃውሞ ለውሳኔው መነሻ መሆኑ ግልጽ ነው። በዚያው ዓመት የተጀመረው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድኻ ቤተሰቦች የመንገድ ጽዳትና የተፋሰስ ሥራ ሠርተው ክፍያ የሚያገኙበት መርሐ ግብር፣ ያለ ብድር የሚሠራ በመሆኑ ከፈንዱ ይለያል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ተራራው ራሱ ቀጣሪ ሆነ፤ በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በአትክልተኝነትና በመስተንግዶ የሚሠሩ አሉበት። ጫካውን በሸክም ያውቁት ከነበሩት ሴቶች ከፊሎቹ ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ በተመሠረተው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በተገነባው የእንጀራ ፋብሪካ ተቀጥረዋል። ይህ ቅጥር ከኮብልስቶኑ ማኅበር የሚለየው ምርቱን የሚገዛው በጀት ሳይሆን በየቀኑ የሚበላ ከተሜ በመሆኑ ነው።